ጡረታው በብር፣ ኑሮው በኪሎ

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከስፖርት ዜናው ጎን፣ አንድ የመዋጮ ወረቀት እንደ ተለጠፈ አንባቢዎቻችን ሳታስታውሱ አትቀሩም። በተቋማችን ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ሲያስተምሩ ቆይተው በጡረታ የተሰናበቱ አንድ መምህር የሦስት ወር የቤት ኪራይ ውዝፍ አለባቸው፤ አከራያቸውም ወይ ክፈሉ ወይ ልቀቁ ብለዋቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉም እንደ አቅሙ ይርዳ የሚል ነበር። ሠልጣኙም፣ መምህሩም፣ የጽሕፈት ቤቱም ሠራተኛ ስሙን አሰፈረ። ሃያ ብር የጻፈ አለ፣ አምስት መቶም የጻፈ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ ነገሩ መልካም ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከስሞቹ ግርጌ አንድ ሰው በእርሳስ የጻፈውን አገኘን። «ጡረታ የላቸውም እንዴ?» ይላል።

ከእኛ ከአዘጋጆቹ መካከል «ይህ ስድብ ነው፣ በላጲስ ይጥፋ» ያልን ነበርን። ቆይተን ስናስበው ግን ጥያቄው የስድብ ጥያቄ አይደለም። ጻፊው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ማወቅም አንሻም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ያንኑ ጥያቄ በልቡ ያልጠየቀ ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው። ደመወዙ በየወሩ ለጡረታ እየተቆረጠ፣ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሮ የወጣ ሰው እንዴት የቤት ኪራይ ያጣል? ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመልስ የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

አዎን፣ ጡረታ አላቸው። በየወሩ ሳይጓደል ይደርሳቸዋል። ችግሩ ያለው እዚያ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ የተሰበሰበውን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስንነግራቸው ይቀየማሉ ብለን ፈርተን ነበር፤ እሳቸው ግን ሳቁ። «ስሜንና የብሩን ልክ አትጻፉ እንጂ ሒሳቡን ጻፉት፤ ለሚመጡት ይጠቅማል» አሉን። ከዚያም ከመካከላችን የቀድሞ ተማሪያቸው ወደሆነው መምህር ዞር ብለው «መቶኛ ሳስተምር ምን እል ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

«‹የምን መቶኛ?› ብላችሁ ሳትጠይቁ አትጀምሩ ይሉን ነበር፣ ጋሼ።»

«በል እንግዲያው ደብተር አምጣ።»

ሒሳቡ እንዲህ ነው። መምህሩ ሥራ የጀመሩት በ1975 ዓ.ም. ሲሆን በ2011 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላቸውና በ36 ዓመት አገልግሎት ተሰናበቱ። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል። ጡረታቸው በተሰላበት አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 26 በ1.25 ሲባዛ 32.5፤ ከ30 ጋር ሲደመር 62.5 በመቶ ይሆናል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ይኸውም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 ዓመቱ የሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ይገኝ ይሆን?

«አሁን ጥያቄዬን ጠይቁ» አሉ ጋሼ። የምን 62.5 በመቶ? የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ። በዚያ ላይ አማካይ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ዓመት የተገኘች ጭማሪ ወደ ሒሳቡ የምትገባው ለሦስት ተካፍላ ነው። የ2009፣ የ2010ና የ2011 ዓ.ም. ደመወዝ ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ በ62.5 በመቶ ተባዛ። የወጣው ቁጥር የእሳቸው ኑሮ መሠረት ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ ብናልፍ ሕጉን እንበድላለን። በዓለም የሥራ ድርጅት በ1944 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952) የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ዝቅተኛ ደረጃዎች ስምምነት ቁጥር 102፣ 30 ዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው በእርጅናው ቢያንስ የደመወዙን 40 በመቶ ያግኝ ይላል። በእኛ አዋጅ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። በመቶኛ ከሄድን እንግዲህ ፈተናውን አልፈናል፤ ያውም በጥሩ ውጤት። ነገር ግን ያው ስምምነት ሌላም ነገር ይላል፤ የኑሮ ውድነቱ ደመወዝን በብዙ ሲለውጠው የጡረታው ልክ እንደገና ይታይ ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ሁለተኛው ቃል ነው የላላው። ለጡረተኛው በየጊዜው ጭማሪ አልተደረገም አንልም፤ ተደርጓል። ጭማሪው የሚመጣው ግን ተጠንቶ፣ ተወስኖ፣ ደንብ ሲወጣ ነው። ገበያው ከፍ ባለ ቁጥር ጡረታው በራሱ ከፍ የሚልበት መንገድ የለም። ዋጋ የሚባለው ነገር በሒሳቡ ውስጥ ጭራሽ አልገባም።

ዋጋ ደግሞ ምን ሲያደርግ እንደቆየ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ የካፌውን ሻይ ሁላችንም እንጠጣለን። ለሒሳቡ ያህል ግን እንየው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት አማካዩ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 30 ብቻ ነው እንበል። 100 ብር በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ የ77 ብር ያህል ብቻ ይገዛል፤ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ የ59። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆጠርነው። ከዚያ ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተደርጎ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 በላይ ሲገባ፣ ዘይቱም መድኃኒቱም አብሮ መሄዱን ጋሼ ያውቁታል። ባለቤታቸው የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ።

ራቅ ብለንም ብናይ ያው ነው። መንግሥት ድህነትን የሚለካበት መስመር አለ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ ምግብ ለማግኘትና ሌሎቹንም መሠረታዊ ፍላጎቶች ለመሸፈን በዓመት ስንት ብር ያስፈልገዋል የሚል ነው። በ1988 ዓ.ም. 1,075 ብር ነበር። በ2003 ዓ.ም. 3,781 ሆነ። በ2008 ዓ.ም. 7,184 ብር ደረሰ። በ20 ዓመት ውስጥ ከስድስት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ሰውየው ያው ሰው ነው፣ ሆዱም ያው ሆድ ነው፤ የሚበላው እንጀራ አንድም አልጨመረም። በ1988 ጡረታ የወጣ ሰው በ2008 ባለበት ለመቆም ብቻ ጡረታው ሰባት እጥፍ ግድም ማደግ ነበረበት።

በዚህ ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር አለ። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ ስኬል ተሻሽሎ ዝቅተኛው ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ማለቱ ይታወሳል። መልካም ነው፤ ያንሳል የሚል ቢኖርም መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት መምህራንን አስቡ። በአንድ ትምህርት ቤት እኩል 36 ዓመት አስተምረዋል፤ አንዱ በዕድሜ ስለሚበልጥ ቀድሞ ወጣ፣ ሌላው ጥቂት ዓመት ዘግይቶ አዲሱ ደመወዝ ላይ ደረሰ። መቶኛቸው አንድ ነው፤ 62.5። ጡረታቸው ግን አይገናኝም። አንዱ ያጠፋው ጥፋት ቢኖር ቀድሞ መወለዱ ነው። «የምን መቶኛ?» የሚለው የጋሼ ጥያቄ ትርጉሙ ይህ ነው።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ስንነጋገር አንድ ባልደረባችን «ጡረታ እኮ የመንግሥት ችሮታ ነው፣ የተገኘውን ማመስገን ነው» አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። ዛሬ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይህ ገንዘብ ተሠርቶበት ያልተበላ ደመወዝ ነው። ሠልጣኞችም ከመጀመሪያዋ የደመወዝ ቀን ጀምሮ ከፔሮሉ ላይ ታዩታላችሁ። ሰው የራሱን ቁጠባ ሲቀበል ምጽዋት ተቀበለ አይባልም።

ሌላው ተቃውሞ ግን ጠንካራ ነው፤ ያመጡትም የኢኮኖሚክስ መምህራችን ናቸው። «ጡረታው ከዋጋ ጋር ይሂድ ማለት ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» አሉ። እውነት ነው፤ ፈንዱ የነገዎቹም ነው፤ ዛሬ ተዝናንቶ ከፍሎ ነገ ባዶ ካዝና ማስረከብ ለእናንተ ለሠልጣኞቹ ክፉ ውለታ ነው። ዳሩ ግን ያው መምህር ራሳቸው እንደነገሩን፣ የጡረታው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በአመዛኙ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛ ነው የኖረው፤ የሰነዱም ወለድ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። ጡረተኛው ቤት የገባው ብር ብቻ አይደለም እንግዲህ የቀለጠው፤ ካዝና የተቀመጠውም አብሮ ቀልጧል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ወጥ አይደለም፤ የመልሱ መጀመሪያ ግን ይህ ይመስለናል። የሠራተኛ ቁጠባ በርካሽ ሲበደር ኖሮ ሲያበቃ «ፈንዱ አቅም የለውም» ማለት አይገባም።

ደግሞስ ካልተስተካከለ ወጪው ይቀራል ያለው ማን ነው? አይቀርም። ሌላ ሰው ይከፍለዋል።

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል መዞር ይበቃል። ከመካከላችን አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። የጡረታ አዋጆቹ ሁሉ የተጻፉት ደመወዝ ለሚበላ ሰው ስለሆነ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየትኛውም ውስጥ የሉም። ጡረታቸው እኛ ነን። ወደዚህ ስንመጣ አባት ሸኝቶ «እንግዲህ አይናችን አንተ ነህ» ያለው፣ እናት በመሀረብ ጫፍ የቋጠረችውን ብር የሰጠችው ስንቶቻችን ነን? ያ ብር ብድር ነው፤ ወለዱም ይታወቃል። የመጀመሪያ ደመወዛችን ገና ሳይቆጠር ተከፋፍሏል፤ ለአባት የማዳበሪያ ዕዳ፣ ለታናሽ እህት ደብተርና ጫማ፣ ለእኛ ደግሞ ኪራይ። ማንም አያማርርም፤ ወግ ነው። ነገር ግን ያ መምህር በበኩሉ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታው ካልበቃው፣ የእሱም ልጆች በተራቸው ገና ሳይቋቋሙ ደመወዛቸውን ይከፍሉለታል። ድህነት ከገበሬው ጎጆ ወጥቶ ወደ መምህሩ ቤት የሚገባው በዚህ በር ነው። ደመወዝ አንድ፣ ትውልድ ሦስት። ጋሼ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም መምህራን ናቸው፤ ሁለቱም ተከራይ ናቸው።

ዕድር አለ የሚል ይኖራል። ዕድር የተባረከ ነገር ነው፤ ነገር ግን የተቋቋመው ለሞታችን እንጂ ለእርጅናችን አይደለም። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ያስተዛዝናል፤ ኪራይ አይከፍልም። ዕቁቡም በየወሩ የሚጥሉት ለሌለው ሰው አይሆንም።

ከሴፍቲኔቱ አገር የመጣችሁ ሠልጣኞች ደግሞ ከእኛ የተሻለ የምትመሰክሩት ነገር አለ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀን የሕዝብ ሥራ የሚከፈለው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በወር ለአንድ የቤተሰብ አባል አምስት ቀን ይሠራል፤ 30 ብር ወይም 15 ኪሎ ማለት ነው። አስተውሉ፤ ያን ጊዜ ብሩና ኪሎው እኩል ነበሩ፤ ብሩ የተተመነው በእህሉ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ፤ 8 ብር ግን 3 ኪሎ መግዛት ተሳነው። ገበሬው ምን አለ? ብሩን ያዙልኝ፣ እህሉን ስጡኝ አለ። ብዙ ቤተሰብ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ እህልን መረጠ። ኢኮኖሚክስ ያልተማረ ሰው፣ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ሲሠራ የዋለ ሰው፣ የመጣለትን ነገር በብር ሳይሆን በኪሎ መዘነ። ለጡረተኛ መምህር ግን ይህ ምርጫም የለውም። እሱ የሚቀበለው ብር ነው፤ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ነው ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚያውቀው።

የምንለውም እንግዲህ ይህንኑ ነው። ጡረታ በቃ ወይስ አልበቃም የሚለው በመቶኛ አይመለስም። በየዓመቱ፣ መምህሩ ጡረታ በወጣበት ወር የሚገዛው ጤፍና ዘይት፣ የሚከፍለው ኪራይ ተቆጥሮ፣ ዛሬ ያው ገንዘብ ስንቱን ይገዛል ተብሎ ይለካ። ሙሉውን መመለስ ባይቻል እንኳ የጎደለው ይታወቅ፤ የጎደለው ሲታወቅ ቢያንስ ማን እየሞላው እንደሆነ ይታያል። የደመወዝ ስኬል በተሻሻለ ቁጥርም በቀድሞው ስኬል የወጡት በዚያው ሰነድ ውስጥ ይታሰቡ። የመምህራን ማኅበሩ ስለ ደመወዝ ሲናገር ድምፁ ይሰማል፤ ስለወጡት ሲሆን ግን ድምፁ ይቀንሳል፤ በሥራ ላይ ያለው ሁሉ ነገ የሚወጣ መሆኑ እየታወቀ። የሞት ነገርም አለ። በዚያው አዋጅ ባል ሲሞት ሚስት የምታገኘው የጡረታውን ግማሽ ነው። ከ62.5 ግማሹ 31.25 ይሆናል። አከራይ ግን ሰው ሞተ ብሎ ኪራዩን ለሁለት አይከፍልም። ይህን ጋሼ አልተናገሩም፤ እኛ ወጥተን በመንገድ ላይ ነው ያሰላነው።

ለሠልጣኞች ከጋሼ የተላከ አንድ ምክርም አለ። በመጀመሪያው ቅጥር ቀን በቅጹ ላይ የምትሞሉትን የልደት ዘመን እንደዋዛ አትዩት። ጡረታ የሚታሰበው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ባስመዘገባችሁት ዕድሜ ነው፤ በኋላ ‹ተሳስቼ ነው› ቢሉ ሰሚ የለም። ሲዛወሩ የግል ማኅደር በየወረዳው ይቀራል፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የዝውውር ደብዳቤያችሁን ሁሉ ግልባጭ ያዙ። እሳቸው የሁለት ዓመት አገልግሎታቸውን ለማስመስከር አንድ ክረምት ሙሉ ሲመላለሱ ከርመዋል። ሁለት ዓመት ማለት 2.5 በመቶ ነው፤ እሷንም አልተዉላትም።

የመዋጮውን ነገር በተመለከተ፣ ይዘን የሄድነውን ገንዘብ የተቀበሉት ከብዙ ልመና በኋላ ነው። ተቀብለውም ዝም አላሉም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሒሳብ ደከም ላሉ ሠልጣኞች ክፍልፋይና መቶኛ ሊያስተምሩ፣ ክፍያውም ከዚሁ መዋጮ እንዲታሰብ ፈልገዋል። «ሠርቼ ካልሆነ አይዋጥልኝም» ብለዋል። አስተዳደሩ አንድ የመማሪያ ክፍል እንዲከፍትልን በደብዳቤ ጠይቀን መልስ እየጠበቅን ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ ሠልጣኞች ስማችሁን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ስጡ። የመዋጮው ወረቀት እስከ ዓርብ እዚያው ሰሌዳ ላይ ይቆያል፤ የሚቀረው የአንድ ወር ኪራይ ነው። በእርሳስ የተጻፈውም እንዳለ አለ፤ ከሥሩ አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «62.5 በመቶ» ብሎ ጽፎበታል፤ ሌላ ደግሞ መጥቶ «የምን?» ብሎ ጨምሮበታል።